ነጭ ቀለበት

ባሕሩ ጠጥሮ ነበር፤ ሁለት ሰው ሄደበት፤
አንድ ሰው ተመለሰ፣ ካፖርቱ ደም ያለበት።
«የአቆስጣ ነው» አለ ፕሪዱ፣ «ከበረዶው ቀዳዳ
አንገቱን ብቅ ሲያደርግ፣ የወጋነው በማለዳ።
ታቬት ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤ እጄን ሰጠሁት፣ ራቀኝ፤
ከዚህ ሌላ አላውቅም፤ ሌላ ነገር አትጠይቁኝ።»

የሳሬማ ደሴት ጠባብ ናት፣ ወሬ ግን አይጠባትም፤
የሁለቱን የመረብ ጠብ ያልሰማ ሰው የለባትም።
ቄሱ በእሑድ ስብከቱ የጥንቱን ነገር አንሥቶ፣
«አንድ አባት ነበረ» አለ፣ «የልጁን ቀሚስ አይቶ
የፍየሉን ደም ለልጁ ቆጥሮ ያለቀሰ።
ዓይን ደም አይለይም።»
ይህን ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

የታቬት ሚስት ሬት ናት፤ በአገሯ ሉል ማለት፤
ምሬቱ በኛ ጆሮ እንጂ ማንም እዚያ አልሰማባት።
ስታለቅስ ያየ የለም። ፖሊሱ ካፖርቱን ሲያስር
ቆማ ታየው ነበረ፣ ቀለበቷን በጣቷ ስታዞር።

*

ታርቱ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ሄልቪ ትባላለች።
ከጓሮ፣ በቆርቆሮ ቤት፣ ጥንቸሎች ታረባለች።
ስም አታወጣላቸውም፤ ስም ካለው ደም ሲቀዱት
እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ደርሶባታል ከዚህ በፊት።
ግን አንዷን፣ ግራ ጆሮዋ አመድማ የሆነችውን፣
ጎመን ታበዛላታለች፣ ተደብቃ ከሌሎቹ ዓይን።

የሰው ደም ጥቂት ጥቂት በየሳምንቱ ተወግታ፣
ጥንቸሏ ሰውን በደሟ አወቀችው፣ እንደ ጠላት፣ እንደ ጌታ።
አሁን ከብልቃጡ ሥር የደሟ ውሃ ተኝቷል፤
በላዩ የካፖርቱ እድፍ በጨው ውሃ ሟሙቶ ተንጠባጥቧል።
የበሬ ቢሆን፣ የበግ፣ የአቆስጣ፣ ዝም ይላል፤
የሰው ከሆነ ግን በሁለቱ ውሃ ድንበር ነጭ ቀለበት ይስላል።

ደም ይጮኻል ሲባል ሰምታ ነበር በልጅነቷ፤
እዚህ ግን ድምፅ የለውም፤ ሰዓቱ ብቻ ነው ከፊቷ።
ደም ደመና ይሆናል፤ እንደ ጥር ትንፋሽ የሳሳ፣
በመስኮት መስታወት ላይ ሳይጠርጉት የሚነሣ።

ከደረቱ፦ ጥሩ ውሃ።
ከኪሱም፦ ጥሩ ውሃ።
ከግራ እጅጌው፦
                    ቀለበት።

ለመመዘኛ ደግሞ የራሷን ጣት ወግታ
ጨመረች አንዲት ጠብታ፤
ያው ቀለበት፣ ያው ንጣት፣ ያው ውፍረት፣ ያው ዝምታ።
ገዳይ ይሁን፣ ሟች ይሁን፣ ሄልቪ ትሁን፣ ለጥንቸሏ
ሰው ነው። ስም የነፈጓት፣ ስም ከየት ይውጣ ከቃሏ?

*

ደብዳቤው በመጋቢት መጣ። ፖሊሱ ቆሞ አነበበው፦
«ከደረቱና ከኪሱ፦ የሰው አይደለም።
ከግራ እጅጌው፦ የሰው ነው።
የማን እንደሆነ ለመናገር አይቻልም።»

መንደሩ ወደ ፕሪዱ ዞረ።
ፕሪዱ መዳፉን ዘረጋ፤ የቢላ ጠባሳ ነበር።
«ከመሄዳችን በፊት ነው!» ማን አይቶ፣ ማን ሊመሰክር?
ሬት ብቻ ታውቃለች። በዋዜማው፣ ከምድጃው አጠገብ፣
ከታቬት አሮጌ ሸሚዝ ቀዳ፣ ደሙ እንዳይንጠባጠብ
ያሰረችለት እሷ ናት።

ዝም ብትል፣ ሐዘኗ ፊት፣ እጅና እግር ያገኝ ነበር፤
ባሕርን ማን ይከሰዋል? ሰው ግን ይቀርባል ለነገር።
ቀለበቷን አንዴ አዞረች።
«እኔ ነኝ ያሰርኩለት» አለች።

እስከ ዛሬ ይሟገታሉ፣ መረብ ሲጠግኑ ተቀምጠው፦
እውነት ነው፤ አይ፣ ምሕረት ነው፤ አይ፣ ሌላ ነገር አለው።

ታርቱ ውስጥ በዚያው ማለዳ፣ አመድማ ጆሮ ያላት
ጎመን ትቆረጥማለች፣ ስለ ማንም ግድ የላት።
ሄልቪ በሽቦው ቀዳዳ ሌላ ቅጠል አቀብላ
ስም ልትሰጣት ቃጣት፤
                    ተወችው፤ «ነገ» ብላ።